ስለ ሌባሻይና ስለ ዝም ባይ ምስክር

ዳኛ በወምበሩ ተቀምጦ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ቀርበው ሳሉ፥ ያየው ሰው «አላየሁም»፥ የሰማውም «አልሰማሁም» ቢል ፍርድ በምን ይቆማል? ወምበር ያለ ምስክር ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በየዘመኑ የነበሩ ነገሥታትና መሳፍንት ወንጀል የሠራውን ከመቅጣት ያላነሰ፥ እውነትን የሸሸገውን ለመናገር ማስገደድ አድክሞአቸው ነበር። ዛሬ ላወሳው ያሰብሁትም ይህንኑ ነው፤ ምስክርነቱን የሚደብቅ፥ ወንጀለኛን የሚሰውር፥ በተጠራበት ቀን የሚቀር ሰው በገጠር ችሎት በጥንት እንዴት ይያዝ እንደ ነበረና አሁንም ነገሩ እንዴት እንደሚጨረስ። ምሳሌውን የምወስደው በጂንካ ዙሪያ ካለው ከአሪ ምድርና ከጎረቤቶቹ ከደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ነው። ነገር ግን ወደዚያ ከመውረዳችን በፊት የደጋውን ልማድ ማወቅ ይገባል፤ ወደ አሪ የሄደው ዳኛ ከደጋ ይዞት የሄደው ልማድ ነውና።

በደጋው አገር በቀድሞ ዘመን ፍርድን የማስከበር ሥራ ለፖሊስ የተተወ አልነበረም፤ ፖሊስም አልነበረምና። ሰው ከሰው ቢጣላ አንዱ የሌላውን የነጠላ ጫፍ ከራሱ ጋር ቋጥሮ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል። በዚያ የሚያልፈው መንገደኛም «ዳኛ ሁንልን» ተብሎ ሲለመን ጥሎ መሄድ ነውር ነበረ። የንጉሥ ስም ተጠርቶበት እምቢ ያለ ሰው ከመጀመሪያው ጠብ ሌላ ሁለተኛ ጥፋት ይቈጠርበት ነበር። ነገሩ ከበድ ያለ እንደ ሆነ ከሳሽና ተከሳሽ፥ ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው እስከ ዳኛው ደጅ አብረው ይሄዱ፥ አብረውም ያድሩ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባላል። ዛሬ ሰውን ዐይናችንን ሳንነቅል ስንጠብቀው «በዐይን ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረልን ቃል ነው። ሙግቱ ሲሞቅም ተሟጋቾቹ በቅሎ ወይም ማር ይወራረዱ ነበር፤ ውርርዱ ከዳኛው ጥቅም ይገባ እንደ ነበር አንባቢ ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስበታለንና። «እሰጥ አገባ» የሚለውም አነጋገር የዚያው ችሎት ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ተከሳሹ በታወቀ ጊዜ ነው። አድራጊው ሲሰወርና አገር ሁሉ አፉን ሲይዝ ግን አፈርሳታ ይወጣል፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ከብት ተሰርቆ፥ ቤት ተቃጥሎ፥ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፥ ሹሙ የአጥቢያውን ሰው በአንድ ሜዳ ያስወጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሕዝቡ ይምላል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ያየውን፥ የሰማውን፥ የጠረጠረውን ይጠየቃል። በገሀድ ለመናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌዎቹ ብቻ በስውር ይነግራቸዋል፤ ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል፥ ስሙም አይወጣም። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ የመጣም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ አይሰናበትም። አድራጊው ሳይገኝ ቢቀር ጥፋቱን አጥቢያው ተካፍሎ ይከፍላል።

ቅኔ ያስተማሩኝ መምህር፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በአንድ አፈርሳታ ላይ ሦስት ቀን መዋላቸውን ይነግሩን ነበር። የጠፋው አንድ በሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ማለ። በሁለተኛው ቀን የእርሻ ወራት ስለ ነበረ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «ወፍ ነገረችን» አሉና ስም ጠሩ። መምህራችን ይህን ሲጨርሱ «በሦስተኛው ቀን ከወፍ ይልቅ ረኀብ ይናገራል» እያሉ ይሥቁ ነበር። የተጠራው ሰው በሬውን በእውነት ወስዶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ግን ምንም ጊዜ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ፍርድ ሚዛን ነውና የአፈርሳታን ጥቅምና ጕዳት እናመዛዝን። ጥቅሙ፥ የተናጋሪውን ስም መሸሸጉ ነው። ምስክር ዝም የሚለው ብዙውን ጊዜ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ማታ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ መሆኑን የጥንቶቹ ዐውቀው ነበር። መንግሥት ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚያደርግ አዋጅ ቁጥር 699ን ያወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የሜዳዋ «ወፍ» ግን ከዚያ አስቀድማ ብዙ ዘመን ኖራለች። ጕዳቱ ደግሞ፥ ስምዋ የማይታወቅ ወፍ በሐሰት ብትናገር የሚጠይቃት አለመኖሩ ነው። ጠላት ያለበት ድኻ በወፍ አፍ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ስለ አንድ ሰው ጥፋት አገር በጅምላ መክፈሉ፥ የማያውቀውን ሰው ከሚያውቀው ጋር አንድ ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያንም በበኩልዋ ዐውቆ የማይናገረውን በግዝት ታስር ነበር። ግዝቱ ከሰንሰለት ይልቅ ይፈራ የነበረው፥ ገዛችውና ተገዛቹ አንድ እምነት ስላላቸው ነው። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ መሐላ የሚይዘው የሚያምንበትን ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሌባሻይ ልምጣ። «ሻይ» የሚለው ከሻ፥ ፈለገ ከሚለው የወጣ ነው እንጂ ከጽዋ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ዝምድና የለውም። ሌባ የሚሻ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባሻዩ ሹም ያመለክታል። ሹሙ ለአንድ ብላቴና ቅጠል የተበጠበጠበት መጠጥ ያጠጣዋል፥ ጢስም ያስጨሰዋል። ልጁ ልቡናውን ሲስት ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ አንድ ሰውም መቀነቱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሮጣል፤ ከገባበት ቤት ወይም ከወደቀበት ደጅ ያለው ሰው ሌባ ይባላል፥ የጠፋውንም ይከፍላል። ምስክር አይሰማም፥ መስቀለኛ ጥያቄም የለም። የሰከረ ሕፃን ዐቃቤ ሕግም ምስክርም ዳኛም ይሆናል። ይህን የመሰለው ነገር በአዲስ አበባም በሐረርም ይደረግ እንደ ነበር የውጭ አገር መንገደኞች እያደነቁ ጽፈውታል። ቁራኛንና ሌባሻይን ለማስቀረት በልጅ ኢያሱ ዘመን፥ ከ1906 እስከ 1909 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ጥረት ተጀምሮ ነበር፤ ዳሩ ግን ከመናገሻው ከተማ የወጣ ቃል ዳር አገር እስኪደርስ ይዘገያል።

የአሪ ምድር ዳር አገር ነበረች። ከጂንካ በላይ የሚታየው ተራራማ አገር ለምለም ነው፤ እንሰትና እህል ይበቅልበታል። ሕዝቡ በየክፍሉ ባቢ በሚባሉ ባላባቶች ይተዳደር ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ጦር ደረሰና ባኮ የጦር ሰፈር ከተማ ሆነች፤ ጂንካ የበረታችው በኋላ ነው። ለወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ አልተሰጠውም፤ ገባር ተመራለት እንጂ። ገባሩ እህሉን ያመጣል፥ እንጨት ይሸከማል፥ ቤት ይሠራል፤ ጠብም ቢነሣ ዳኛው ያው የተመራው መልከኛ ነው። ቀደም ሲል ስለ ውርርድና ስለ ዳኝነት ጥቅም ያነሣሁት እዚህ ላይ ይምጣልኝ። በደጋው አገር ዳኛውና ተሟጋቹ ቢያንስ አንድ ቋንቋ ይናገሩ፥ በአንድ ታቦት ይምሉ ነበር። በአሪ ግን ዳኛው የሚናገረው አማርኛ፥ ገባሩ የሚናገረው አሪኛ ነው። ዳኛው የሚያስምለው በማያውቀው አምላክ ነው። የሚቀጣውም መቀጮ ወደ ዳኛው ጎተራ ይገባል።

ሌባሻይ ወደዚህ አገር ሲወርድ ምን እንደ ሆነ የመረመረ ሰው አለ። አሌክሳንደር ናቲ የተባለው ኤርትራዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ፥ ሌባሻይ በአሪ ምድር ከ1890ዎቹ እስከ 1930ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትሞአል፤ ነገሩንም ከሰፋሪውና ከገባሩ ግንኙነት ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። በመናገሻው ከተማ ሊቀር የታሰበው ነገር በዳር አገር ይህን ያህል ዓመት መቈየቱ ያስደንቃል ብል ግብዝነት ይሆንብኛል። በሕፃን ሩጫ የሚፈረድበት ሥርዓት ለማን እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም። የመቀነቱን ጫፍ የሚይዘው ሰው ወደ ግራ ቢስብ ልጁ ወደ ግራ ይሄዳል። ልጁ ከደጁ የወደቀበት ገባርም «አላደረግሁም» ቢል ምስክር አቅርብ የሚለው የለም፤ እንቢ ቢል ደግሞ ፍርድን አደናቀፈ ይባላል።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። እንዲህ ባለ አገር የኖረ ሰው ለልጁ ምን ያወርሳል? ዳኛ ፊት አትቅረብ፤ ብትቀርብም አትናገር፤ ብትናገርም የወንድምህን ስም አታንሣ ብሎ ያወርሳል። እኛ የቅኔ ተማሮች ሰሙን ከወርቁ ለይተን ማየት እንለምዳለን። የአሪ ገባር በችሎት ፊት ዝም ሲል ሰሙ እምቢታ ነበር፤ ዳኛውም በሰሙ ቀጣው። ወርቁ ግን ራስን መጠበቅ ነበር። ገባርነቱ በጣልያን ወረራና ከነጻነት በኋላ በወጡት አዋጆች ቀርቶአል፤ ዝምታው ግን በአዋጅ የሚቀር አልነበረም።

ከተራራው ወደ ቈላው፥ ወደ ኦሞ ወንዝ ሲወርዱ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በደቡብ ኦሞ ዐሥራ ስድስት ያህል ሕዝቦች ይኖራሉ፤ በየራሳቸውም ሥርዓት አላቸው። ዴቪድ ተርተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከሙርሲዎች ዘንድ ብዙ ዓመት ተመላልሶ እንደጻፈው፥ ሙርሲዎች ሰውን አስገድዶ የሚያናግር ሹም የላቸውም። ኮሞሩ የሚሉት የሃይማኖት አለቃ አላቸው፤ እርሱም ቢሆን ይባርካል ይጸልያል እንጂ አዝዞ አያስርም። ነገር ሲነሣ ወንዶቹ ተሰብስበው እየተነሡ ይናገራሉ፤ የሚሰማ ቃል ያለው ይሰማል፥ ስምምነቱም ከዚያ ይወጣል። ሐመሮችም ቢታ የሚባሉ ሁለት የሥርዓት አባቶች አሉአቸው፤ ነገርን የሚመክሩት ግን ሽማግሌዎች ናቸው። እዚህ አገር «ምስክር እንቢ አለ» የሚባል ወንጀል ቦታ የለውም። የሚፈራው እስር አይደለም፤ የሽማግሌ ርግማንና ከጉባኤ መለየት ነው። ከብት ተከፍሎ ዕርቅ ከወረደ በኋላም ነገሩን ደግሞ የሚያነሣ ሰው፥ እርሱ ነው ሰላምን ያፈረሰ የሚባለው። ስለዚህ በቈላው ሰው ዘንድ ፍርድን የሚያደናቅፈው ዝም ያለው አይደለም፥ ከዕርቅ በኋላ የተናገረው ነው። የመንግሥት ሕግ ደግሞ በግልባጩ ይፈርዳል። በገጠር ችሎት የምናየው ችግር ሥሩ ከዚህ ነው።

የመንግሥትን ሕግ በአጭሩ ላሳልፈው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ አጥቢያ ዳኞች ተቋቋሙ፤ እነዚህም በትንንሽ ነገር ላይ ብቻ የሚፈርዱ፥ ከሁሉ በፊት ግን እንዲያስታርቁ የታዘዙ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ፥ በ1954 ዓ.ም. ሥነ ሥርዓቱ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ወንጀል የአድራጊው ብቻ ሆነ፤ አገርን በጅምላ የሚያስከፍለው አፈርሳታ ከአዲሱ ሕግ ጋር የሚስማማ አልነበረም። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ነበራቸው፤ በኋላም በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መጣ። አሁን የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ታውጆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ በፍትሕ ሥራ ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች የሚናገር ክፍል አለ። ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ወይም አልመሰክርም ያለ ሰው ይቀጣል። ምሎ የዋሸ ምስክር ከዚያ በበለጠ ይቀጣል። ወንጀለኛን የሸሸገም እንዲሁ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ማንም ሰው ስለ ማንኛውም ወንጀል ሄዶ እንዲናገር አያስገድድም፤ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣውን ከባድ ወንጀል ዐውቆ የደበቀውን ነው በዝምታው የሚጠይቀው። የሸሸገውም ሰው የቅርብ የሥጋ ዘመዱ ወይም እጅግ የሚወደው እንደ ሆነ ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልለት ይፈቅዳል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እናት ልጅዋን እንደማትከስ ዐውቀዋል ማለት ነው። ጥያቄው ዘመድ ማን ነው የሚለው ነው። ጐሣ በሙሉ ወንድም በሆነበት አገር ዳኛው የዝምድናን ድንበር የት ያሰምራል?

ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ባለ ጕዳዮቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖትና በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቀደ፤ ወንጀልን ግን ከዚህ ውስጥ አልቈጠረም። ሽማግሌዎቹ ይህን አልጠበቁም። ደም ሲፈስ ያስታርቃሉ፤ ካሣ ይከፈላል፥ ከብት ይታረዳል። ዐቃቤ ሕጉ በሌላ በኩል ክሱን ይቀጥላል። በቀጠሮው ቀን ምስክሩ አይመጣም፤ ቢመጣም ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ይለውጣል። ይህ በደቡብ ኦሞ ብቻ አይደለም፤ በሸዋም በጎጃምም ደም ከደረቀ በኋላ እንዲሁ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሱዛነ ኤፕለና ጌታቸው አሰፋ አዘጋጅተው ያሳተሙት መጽሐፍ፥ በኢትዮጵያ ጎን ለጎን ስለሚሠሩት ስለ ልዩ ልዩ ሕጎች የተጻፉ ጥናቶችን ሰብስቦአል፤ የደቡብ ኦሞም ነገር ከነዚያ መካከል አለበት።

ዳኛው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ከሦስቱ አንዱን ነው። የቀረውን ምስክር በፖሊስ ያስይዘዋል፤ ይህ ለችሎቱ ክብር ይበጃል፥ እውነት ግን በገመድ ታስራ ስትመጣ ብዙ ጊዜ አፍዋን ዘግታ ነው። ወይም ቀድሞ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል አንብቦ ያፋጥጠዋል፤ ምስክሩም «እንዲህ አላልሁም፥ አስተርጓሚው ነው» ይላል፤ በእውነትም አስተርጓሚው ሊሆን ይችላል። ወይም በሐሰት ምስክርነት እንዲከሰስ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ክስ ሁለት ክስ ይወለዳል፥ ለሁለተኛውም ምስክር ያሻዋል። በሰንሰለትና በመቀጮ ብቻ የተገኘ ምስክርነት ለእኔ ከሌባሻይ ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ የመቀነቱ ጫፍ በሌላ እጅ ስለ ተያዘ ብቻ ነገሩ አይለወጥም። ሌላ መንገድ መኖሩን ያየሁት ግን በዐይኔ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአገልግሎት ወደዚያ አገር ወርጄ ሳለሁ በአንድ የወረዳ ችሎት ተገኝቼ ነበር፤ ስፍራውን አልጠራም። አንድ ሰው ሌላውን በዱላ መትቶ እጁን ሰብሮአል። ያየው አንድ ጐልማሳ ሁለት ቀጠሮ ቀርቶ በሦስተኛው በፖሊስ መጣ። ዳኛው ያየውን እንዲናገር በአማርኛ ጠየቁት፥ አስተርጓሚው አስተላለፈ። ጐልማሳው እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ዞሮ «አላየሁም ይላል» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሣቁ። ዳኛው ረጋ ያሉ ሰው ነበሩና «ለአንድ ‹አላየሁም› ይህ ሁሉ ንግግር?» ብለው ቃል በቃል እንዲነገራቸው አዘዙ። ጐልማሳው ያለው ለካ፥ ሽማግሌዎች በግ አርደው ነገሩን ቀብረዋል፤ እኔ ቈፍሬ ባወጣው ነገ ከማን ጋር እጠጣለሁ? ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ አልመሰክርም በማለቱ ክስ እንዲመሠረትበት ጠየቀ። ዳኛው ግን አስቀድመው ያስታረቁትን ሁለት ሽማግሌዎች ከውጭ አስጠሩ፤ እነርሱም ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው ነገሩን ሲጠብቁ ነበርና ወዲያው ገቡ። «አባቶቼ፥ ዕርቃችሁን አላፈርስም። ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ ካሣ መክፈሉ ቅጣቱን እንዲያቀልልኝ ሕጌ ይፈቅድልኛል። ነገር ግን ያልተነገረኝን ጥፋት ላቀልል አልችልም» አሉአቸው። ይህ እውነት ነው፤ ተጸጽቶ የበደለውን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት የወንጀል ሕጉ አዝዞአል፤ ይሁን እንጂ ይህን አንቀጽ ለሽማግሌ የሚነግረው ሰው አላየሁም ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያም ታላቁ ወደ ጐልማሳው ዞሮ አንድ አጭር ቃል ተናገረው። አስተርጓሚው ሳይጠየቅ «ተናገር፥ በጉ ሞቶአል አለው» ብሎ አስረዳ።

ጐልማሳው ተናገረ፤ ዱላውን ማን እንደ አነሣ፥ ስንት ጊዜ እንደ መታ፥ በየትኛው እጁ። ተከሳሹም ከዚያ በኋላ አልካደም። የሰብሳቢው ጸሓፊ ቃሉን ጽፎ እስኪጨርስ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም፤ ሽማግሌዎቹ፥ ጐልማሳውና ተከሳሹም በአንድ መንገድ ወደ ተራራው ወጡ፤ ቅጣቱ የሚነገርበት ቀጠሮ በሳምንቱ ነበር።